ቮልሷን ከኢንጄክሽን ወደ ካርቡሬተር፦ የቱን የቤንዚን ፓምፕ ልግዛ?

"ካርቡሬተሩን ገዛሁ፤ ፓምፑስ?" ዘንድሮ ብቻ ይህን ጥያቄ አራት ሰው ጠይቆኛል። አንዱ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቡና እየጠጣን ነው። ሌላው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ደውሎ፣ እጁ ቤንዚን በቤንዚን ሆኖ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ጣጣው የአሜሪካ ቮልስ ነው። አዲስ አበባ እያየናቸው ያደግናቸው ቮልሶች ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ናቸው። እዚህ ግን በፈረንጆቹ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ የተሸጡት ቮልሶች ባለ ኢንጄክሽን ናቸው፤ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት ይረጫል። ዕድሜ ሲጫናቸው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው የአየር መለኪያ ይበላሻል፣ ሽቦው ይበሰብሳል፣ መለዋወጫው ደግሞ አይቀመስም። ባለቤቱ ይማረርና ሁሉንም ነቅሎ ካርቡሬተር ይገጥማል። የኔዋም የ1976 ናት፤ እንዲሁ ነው ያደረግኳት።

ራስ ምታቱ ያለው ግፊቱ ላይ ነው። የኢንጄክሽኑ ፓምፕ 35 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ይገፋል። የቮልስ ካርቡሬተር የሚፈልገው 3 አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ ቤንዚኑን መዝጋት ያቅታታል። ካርቡሬተሩ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ሲብስ ቤንዚኑ ዘይት ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበው ያው ነው፦ "ፓምፑ አለ፣ ግፊት መቀነሻ ልግጠምለት።" ነጻ ይመስላል። አይደለም። በ40 ዶላር የሚሸጠው የካርቡሬተር ግፊት መቀነሻ 35 ፒኤስአይ እንዲችል አልተሠራም። ትርፉን ወደ ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) የሚመልስ ዓይነት ያስፈልጋል። እሱን፣ ቱቦውን፣ ማያያዣዎቹን ስደምር 140 ዶላር ደረሰብኝና ተውኩት። ደግሞ አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። በፋብሪካው አሠራር ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቋርጠው ማብሪያ ያለው አየር መለኪያው ውስጥ ነው። አየር መለኪያውን ነቅላችሁ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ካገናኛችሁት፣ መኪናዋ ተጋጭታ ሞተሩ ቢጠፋም እሱ ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል። ለዚህ መንገድ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንም።

ሁለተኛው ዝቅተኛ ግፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። እኔ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ክብሪት ሳጥን የምታክል አራት ማዕዘን ፓምፕ ኢንተርኔት ላይ በ16 ዶላር አየሁ። ማጓጓዣው ነጻ። "ከ2.5 እስከ 4" ተብሎ ተጽፎባታል። ደስ ብሎኝ ገጠምኳት። ጠዋት ስነሳ ጋራዡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ዘይት መለኪያውን ባወጣው እሱም ይሸታል። የ25 ዶላር ግፊት መለኪያ ገዝቼ ብለካት 7! ዘይት ቀየርኩ፣ በሳምንቱ ደግሜ ቀየርኩ። የ16 ዶላሯ ዕቃ መለኪያውን ሳልቆጥር ከ70 ዶላር በላይ አስወጣችኝ። ባለቤቴ ሒሳቡን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

የዚህች የአራት ማዕዘኗ (ኪዩብ የሚሏት) ደህናው 50 ዶላር አካባቢ ነው። ድምፁ የማይረብሸው የሚሽከረከረው ዓይነት ከ80 እስከ 100 ይሄዳል። ግን እዚያ አያበቃም። ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ፊውዝ፣ የዘይት ግፊት ከሌለ ፓምፑን የሚያቆም ማብሪያ ያስፈልጋል። ከግጭት በኋላ ነዳጅ የሚያቋርጠውን ማብሪያ ከጃንክያርድ (የአሮጌ መኪና መጣያ) ፈልጉ፤ የድሮ ፎርዶች ብዙ ጊዜ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አላቸው፤ እኔ በ10 ዶላር ነቅያለሁ። ፓምፑን ከፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር ግጠሙት፤ መግፋት እንጂ መሳብ አይወድም። ሁሉም ተደምሮ ከ110 ዶላር በታች በሥርዓቱ ሠርቶ የጨረሰ ሰው አላየሁም።

የኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው፦ ድሮ የምናውቀው፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ በሞተሩ የሚንቀሳቀሰው ፓምፕ። ሽቦ የለው፣ ሪሌ የለው። ሞተሩ ከቆመ እሱም ይቆማል፤ በቃ። መንገድ ላይ ቢሞት ሁለት ዳዶ ፈትታችሁ በ20 ደቂቃ ትቀይሩታላችሁ። ዋጋውም ከ35 እስከ 60 ዶላር፣ ፓምፑን የሚገፋው ዘንግና የዘንጉ መቀመጫ ሌላ 15።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሞተሩን እዩት። የኢንጄክሽን ሞተሮች ላይ የፓምፑ ቦታ በክዳን ተደፍኗል። ክዳኑን አንሡና በባትሪ እያበራችሁ ከታች ዘንጉን የሚገፋው እብጠት መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ወደ ሁለተኛው መንገድ ተመለሱ፤ ለዚህ ብላችሁ ሞተር አትበትኑ።

ቀጥሎ ስሕተት የሚበዛው ዘንጉ ላይ ነው። የእናንተ ሞተር ኦልተርኔተር (ዲናሞን የተካው ባትሪ ቻርጅ አድራጊ) ያለው ስለሆነ ዘመም ያለው ፓምፕና 100 ሚሊ ሜትር ዘንግ ነው የሚሄድለት። 108 ሚሊ ሜትሩ የድሮው፣ ዲናሞ ያለው ሞተር ዘንግ ነው። ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ቢላችሁ አትመኑት። መጀመሪያ መቀመጫውን አስገቡ፣ ከዚያ ዘንጉን። ካገላበጣችሁት ዘንጉ ሞተሩ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ ማግኔት ይዛችሁ ስታጠምዱ ትውላላችሁ።

ርካሽ ኮፒ እዚህም አለ፣ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያው የገዛሁት በ28 ዶላር ነበር፤ 6 ፒኤስአይ ይገፋ ነበር። ልዩነቱ ይሄ ይስተካከላል። ከሥሩ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ወረቀት) ስትጨምሩበት የዘንጉ ግፊያ ያጥራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ሁለት ጨምሬ 3.5 ላይ አቆምኩት። ችግሩ በስምንተኛው ወር ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀደደ። የዚህ አገር ቤንዚን ኤታኖል አለበት፤ ርካሽ ላስቲክ አይምርም። ስለዚህ ከላይ በብሎን የሚፈታውን ፈልጉ፣ ያገለገለም ቢሆን። የጀርመን ከሆነ ዓይኔን አላሽም። የኔን ከአንድ ሽማግሌ በ20 ዶላር ገዝቼ በ18 ዶላር የላስቲክ ኪት አደስኩት፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ። በብሎን የማይፈታው፣ ጠርዙ ተቆልምሞ የታሸገው ፓምፕ ግን ላስቲኩ ከተቀደደ ቆሻሻ ነው።

ስትሠሩ አንድ ነገር አትርሱ። ሳልባትዮው ከፊት፣ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከኋላ ቱቦውን ስትፈቱ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል። እኔ ስልክ አንሥቼ ስመለስ ወለሉ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። ቱቦው አፍ ውስጥ ቡሎን ሰክታችሁ እሰሩት። የኢንጄክሽኑ መመለሻ ቱቦም ሳይደፈን እንዳይቀር።

ማጣሪያውን ደግሞ ካርቡሬተሩ አጠገብ አታንጠልጥሉ። ሰው ሁሉ እዚያ ያደርገዋል፣ ለማየት ስለሚመች። ክብደቱ እየተንቀጠቀጠ የካርቡሬተሩን የናስ መግቢያ ያላላዋል፤ ቤንዚኑም ትኩስ ሞተር ላይ ይረጫል። የቮልስ ሞተር አካሉ ማግኒዚየም ነው፤ አንዴ ከተቀጣጠለ በውኃ አይጠፋም። ማጣሪያውን ከፓምፑ በፊት፣ ከታች ካምቢዮው አካባቢ አድርጉት። 4 ዶላር ነው፤ ሁለት ግዙ።