አንድ መኪና፣ አራት ሞተር፦ ከወራት ውድድር በኋላ

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። በሪሞት ለሚነዳ ትንሽ መኪና፣ ለክለብ ውድድር፣ የመጀመሪያ ሞተሩን ሊገዛ ያሰበ ሰው ቢጠይቀኝ «ሴንሰር ያለውን 21.5 ግዛ» ነው የምለው። ቁጥሩን ከታች አስረዳለሁ። በተረፈው ገንዘብ ቁጥራቸው የተለያየ ጥርሶች (ሞተሩ ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ ጥርሳም መዘውሮች) እና አንድ የሙቀት መለኪያ ይግዛበት። ይህን የምለው ካለፈው ጥቅምት እስከ ግንቦት አራት ሞተሮችን በአንድ መኪና ላይ እየቀያየርኩ ከነዳሁ በኋላ ነው።

የምነዳው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ። መኪናዋ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታክል ቱሪንግ፣ ማለት የመንገድ መኪና ቅርጽ ያላት ናት። አራቱም ጎማዋ ይነዳል፤ ኃይሉን የሚያደርሰው ቀበቶ ነው። ባትሪዋ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)፣ 7.4 ቮልት። አንድ ውድድር 5 ደቂቃ ይፈጃል። 5 ደቂቃ አጭር ትመስላለች፤ ለሞተር ግን ረጅም ናት። የሞተር ማንነት የሚታየው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው።

ለአዲስ ገቢ ቁጥሮቹን ላስረዳ። 21.5፣ 17.5፣ 13.5 የሚባሉት የመዳብ ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተጠቀለለ ነው የሚናገሩት። ጥቅሉ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ከረንትም ይበላል። 21.5ቱ በአንድ ቮልት በደቂቃ ወደ 1,800 ጊዜ ይሽከረከራል። 17.5ቱ ወደ 2,200፣ 13.5ቱ ደግሞ ወደ 2,800። ሁሉም 540 በሚባለው መጠን ስለሚሠሩ አንዱን ፈትቶ ሌላውን በዚያው ቦታ ማሰር ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ሮር የሚባል የሪሞት መኪና ውድድር ማኅበር የፈቀዳቸው ሞተሮች ዝርዝር አለው። ደንቡ ጠበቅ ያለ ስለሆነ በአንድ ምድብ ያሉ ሞተሮች በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ሞተር ዓይነት እንጂ ስለ ኩባንያ ስም አይደለም።

በካርቦን ከሚሠራው ልጀምር። ብርማው 540 ታሚያ የሚባለው የጃፓን የሞዴል መኪና አምራች ከብዙ ኪቶቹ (ገዢው ራሱ ከሚገጣጥማቸው መኪኖች) ጋር የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ 27 ጥቅል። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ይገኛል። አነሳሱ ለስላሳ ነው፤ የሪሞቱን ቃታ ቀስ አድርጎ ለሚጫን ልጅ ምንም አያስደነግጥም። ልጄን መንዳት ያስተማርኩት በዚህ ነው፤ ለማስተማሪያ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ለውድድር ግን ዕድሜው አጭር ነው። ኃይል የሚያደርሰው ካርቦን ኮሙቴተሩን (ከዘንጉ ጋር የሚዞረውን መዳብ) እየታከከ ያልቃል። ብልጭታው ደግሞ መዳቡን ያጠቁረዋል። የሞተሩ ቆርቆሮ ድፍን ስለሆነ ካርቦን ለውጦ መቀጠል አይቻልም። ኩሽኔትም የለውም፤ ዘንጉ የሚዞረው በቀለበት ውስጥ ነው። በታኅሣሥ ደህና ይሮጥ የነበረው ሞተር በየካቲት ቀጥታው ጫፍ ሳይደርስ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር።

ይህን ሞተር የምትገዙ ከሆነ አሟሹት። 2 ወይም 3 ቮልት ሰጥታችሁ ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ አሽከርክሩት። የካርቦኑ ፊት ከኮሙቴተሩ ክብ ጋር ይገጥምላችኋል። ውሃ ውስጥ እየነከሩ የሚያሟሹም አሉ። እኔ አልስማማበትም። ውሃው ዘንጉ ያለበት ገብቶ ዘይቱን ያጥባል፤ ያተረፋችሁትን ዕድሜ መልሶ ይወስደዋል።

የቀሩት ሦስቱ ካርቦን አልባ ናቸው። በእነሱ ውስጥ ሽቦው ቆሞ ማግኔቱ ነው የሚዞረው። የሚታከክ ነገር ኩሽኔቱ ብቻ ነው። ግን ማግኔቱ የት እንደደረሰ ለኢኤስሲው (ለሞተሩ ኃይል ለሚመጥነው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) የሚነግረው ያስፈልጋል። ሥራው የሦስት ትንንሽ ሴንሰሮች ነው፤ መልእክታቸውም በቀጭን ባለ ስድስት ሽቦ ኬብል ይሄዳል። ሴንሰር የሌለው ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ኢኤስሲው እየገመተ ነው የሚያስነሳው፤ ስለዚህ ይንገጫገጫል። ጠባብ ኩርባ ባለበት ምንጣፍ ላይ ይህን አይታገሡትም። ለውድድር ሴንሰር የሌለው አትግዙ፤ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ኬብሉ ግን ደካማ ጎን ነው። መጋቢት ላይ መኪናዋ መነሻው ላይ እንደ መንቀጥቀጥ አለችና ሄዳ ቆመች። ኬብሉን ነቅዬ በመብራት ሳየው ከሶኬቱ አጠገብ፣ እጥፋቱ ላይ፣ የአንዷ ሽቦ ላስቲክ ተልጦ መዳቡ ይታያል። በጣት ገፋ ሲደረግ ይገናኛል፣ ሲለቀቅ ይለያያል። በአዲስ ኬብል ወዲያው ዳነች። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ሞተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን የጥቂት ዶላር ኬብል ቀይሩ። ስታስሩትም ከቀበቶው ራቅ፣ እጥፋቱን ላላ አድርጉት።

አሁን ወደ 21.5ቱ። እዚህ ዩኤስጂቲ በሚባለው ምድብ የሚነዳው እሱ ነው። ቀጥታ ላይ ማንንም አያስደንቅም። ግን ቃታውን እስከ መጨረሻው ጨምቃችሁ ብዙ ጊዜ ትይዙታላችሁ፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ነው። ኩርባ ላይ ፍጥነት ካባከናችሁ በጉልበት አትመልሱትም። ስለዚህ መስመራችሁን ታስተካክላላችሁ፤ ፍሬን ቀድማችሁ ትለቃላችሁ። የዙር ሰዓቴ መቀራረብ የጀመረው በዚህ ሞተር ነው። ፈጣኑ ዙሬና አማካዩ በጣም ተጠጋጉ። ውድድር የሚያሸንፈው ደግሞ አማካዩ ነው። ከውድድር ሲወጣ ቆርቆሮው 55 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ለሚቀጥለው ውድድር ያለ ጭንቀት ይደርሳል።

ጥርስ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አዲስ ሞተር ሲገዛ ይረሳዋልና። ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ጥርስ ፒኒየን፣ የሚነዳው ትልቁ ስፐር ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው። ስፐሩ 96፣ ፒኒየኑ 48 ቢሆን፣ የመኪናዋ የቀበቶ ምጥጥን ደግሞ 1.9 ቢሆን፣ 96ን ለ48 አካፍሎ በ1.9 ማባዛት ነው። 3.8 ይመጣል። ሞተሩ 3.8 ጊዜ ዞሮ ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። እኔ 21.5ቱን በዚህ ነው የምነዳው። ለ17.5ቱ ፒኒየኑን ወደ 43 አወርደዋለሁ፤ 4.24 ይሆናል። ጎማዬ አንዴ ሲዞር 20 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ያለ ጭነት ስታሰሉት 21.5ቱ ወደ 42፣ 17.5ቱ ወደ 46 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣል። ልዩነቱ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት ሦስት ጥርስ የሚጠብ ወይም የሚሰፋ ነው። አንድ ፒኒየን ከአሥር ዶላር ያነሰ ነው፤ ሞተር ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

17.5ቱ ግን የምወደው ሞተር ነው። አልደብቅም። የኔው ታይሚንጉ፣ ማለት ሽቦው ኃይል የሚያገኝበት ቅጽበት፣ በእጅ የሚስተካከል ነው። ከኋላ ያሉትን ሦስት ቪቴዎች አላልቶ ክዳኑን ማዞር ነው። ክዳኑ ላይ ትንንሽ ጭረቶች ተሠርተዋል። ክዳኑ ሲዞር ሴንሰሮቹ አብረው ይዞራሉ፤ ሽቦው ቀደም ብሎ ኃይል ያገኛል። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ከታች ያለው ጉልበት ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከፍ ይላል። በእነዚህ ምድቦች ኢኤስሲው በራሱ ታይሚንግ መጨመር አይፈቀድለትም። ጭማሪው መዘጋቱን የሚያሳየው የሚበራ የሚጠፋ መብራቱ ስለሆነ «ብሊንኪ» ይሉታል። ያለችው ነፃነት እንግዲህ ክዳኑና ጥርሱ ናቸው።

የካቲት ላይ ሆን ብዬ ሞከርኩት። ክዳኑን ሁለት ጭረት ወደ ላይ ገፋሁት፤ ጥርሱን አልነካሁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ቀጥታው ላይ ከዚህ በፊት የማልደርስባቸውን ደረስኩ። ከአራተኛው ደቂቃ ጀምሮ ግን ዙሬ እየረዘመ ሄደ። ሲወጣ ሙቀቱን ለካሁት፤ 80ን አልፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መዳብ በሞቀ ቁጥር ከረንት ማሳለፍ ይከብደዋል። 50 ዲግሪ ሲጨምር የሽቦው ተቃውሞ ወደ አንድ አምስተኛ ይጨምራል። ማግኔቱም ሲሞቅ ይደክማል። ከልክ ካለፈ ደግሞ ቢቀዘቅዝም የጠፋው ጉልበት አይመለስም። ክዳኑን ወደ ቦታው መልሼ ፒኒየኑን በአንድ ጥርስ ከፍ ሳደርግ ቀጥታው ላይ ያገኘሁትን ግማሹን አስቀረሁት፤ የመጨረሻው ደቂቃም አልወደቀም። የኔ ልክ 75 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ካየሁ አንድ ጥርስ እቀንሳለሁ።

በሙቀት የማይለካ ማስተካከያ ግምት ነው። ያቺ ሽጉጥ የምትመስል ኢንፍራሬድ መለኪያ 20 ዶላር አትሞላም። መኪናዋ ከውድድር እንደወጣች፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ለኩ።

ስለ 13.5ቱ ብዙ የምለው የለም። ጥሩ ሞተር ነው፤ የኛ አዳራሽ ግን አይበቃውም። ቀጥታው ሳያልቅ ፍሬን ትይዛላችሁ። ጎማ ቶሎ ይበላል። ስትጋጩም የሚሰበረው ዕቃ ይበዛል። ከጓደኛ ተውሼ ጥቂት ጊዜ ነድቼ መለስኩ። ሰፊ የውጪ አስፋልት ያለው ሰው የተለየ ነገር ሊል ይችላል፤ ትክክል ይሆናል።

ጥገናው እንዲህ ነው። ምንጣፍ ላይ የሚነዳ ሞተር ፀጉር ይሰበስባል። በወር አንድ ጊዜ ያህል እፈታዋለሁ። ማግኔቱን ስታወጡት ጥቁር ጭረት የመሰለ ብናኝ ለብሶ ታገኙታላችሁ፤ ከምንጣፉ ሥር የተለቀመ የብረት ፍቅፋቂ ነው። በጨርቅ አይወጣም። ማጣበቂያ ፕላስተር ጠቅልላችሁ እየነካካችሁ አንሱት። ቪቴ ተበትኖ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ማግኔቱን አታስቀምጡ፤ የሚስብበት ጉልበት ጣት ይቆነጥጣል። ኩሽኔቶቹን በነዳጅ ማጠብ አያስፈልግም፤ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ግራሶ አትጠቀሙ፤ ይከብደዋል። ዘንጉን በጣት ስታዞሩት የአሸዋ ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔቱን ቀይሩት። የ17.5ቱን የፊት ኩሽኔት ሚያዝያ ላይ ቀየርኩ፤ ሌላ ምንም አላስወጣኝም።

መኪናቸውን ይዘው አዲስ አበባ ለመሄድ ለሚያስቡ አንድ ነገር። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። እዚህ 75 ዲግሪ የሚሞቅ ሞተር እዚያ ከዚያ በላይ ይወጣል። ከመጀመሪያው አንድ ሁለት ጥርስ ቀንሳችሁ ጀምሩ፤ ለክታችሁ ጨምሩ። ትርፍ ሊፖ ባትሪዎቹን ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኑ። ለተጫነ ሻንጣ አይፈቀዱም።

አሁን መኪናዋ ላይ ያለው 17.5ቱ ነው። 21.5ቱ ሳጥን ውስጥ ዝግጁ ነው፤ ዩኤስጂቲ በሚነዳበት ቀን ይገባል። ብርማው 540 የልጄ መኪና ላይ ነው።

ያገለገለ 17.5 የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይይ። ዘንጉን ወደ ጎን ነቅንቆ መላላቱን ይፈትሽ። በአየር መውጫው አሽትቶ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ካለው ይተው። የሴንሰሩ ሶኬት ውስጥ ያሉት ስድስት ሚስማሮች ቀጥ ብለው መቆማቸውን በመብራት ይይ። ማግኔቱ ተቀይሮ ያውቅ እንደሆነም ሻጩን ይጠይቅ፤ ለውድድር የሚበቃ አዲስ ማግኔት ለብቻው ሲገዛ ያገለገለውን ሞተር ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።