አይስላንድ ወይስ ኒውዚላንድ? ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

አይስላንድና ኒውዚላንድ በፎቶ ሲታዩ እህትማማች ይመስላሉ። ሁለቱም የደሴት አገሮች ናቸው። እሳተ ገሞራና የበረዶ ግግር በሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛል። ፍልውኃው፣ ፏፏቴው፣ ሰው የማይታይበት ረጅም መንገድ በሁለቱም አለ። ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ጉዞ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሲቸገር አይገርመኝም። ብዙዎች የሚያወዳድሩት ፎቶውንና አማካይ ሙቀቱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የዓመት ፈቃድ የምታገኙበት ወር ነው ባይ ነኝ። ከዚያ የቀኑ ርዝመትና ነፋሱ ይከተላሉ።

አይስላንድ ሰሜን አትላንቲክ ላይ ነው ያለችው፣ ከግሪንላንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ። ዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክ 64ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ትገኛለች። ከለንደን በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ በደቡብ ንፍቀ ክበብ፣ ከ34 እስከ 47 ዲግሪ ደቡብ ተዘርግታለች። ቅርብ የምትባለው ትልቅ ጎረቤቷ አውስትራሊያ እንኳ ቅርብ አይደለችም፤ ከሲድኒ ኦክላንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሬይኪያቪክ እስከ ኦክላንድ ወደ 17,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ቀጥታ በረራም የለም። ሁለቱን በአንድ ጉዞ አያይዤ ልያቸው የሚል ካለ፣ ሐሳቡን ቢተወው ይሻለዋል።

በስፋትም አይመጣጠኑም። አይስላንድ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስትሆን ኒውዚላንድ 268,000 ገደማ ናት። አይስላንድን የሚዞረው ቁጥር 1 መንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት፣ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ሳይጣደፉ መዞር ይቻላል። ኒውዚላንድ ግን በሁለት ትልልቅ ደሴቶች የተከፈለች ናት። ከኦክላንድ ዌሊንግተን ድረስ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ደሴት ለመሻገር በመርከብ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል አለ። መንገዶቿ ጠመዝማዛ ስለሆኑ ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ርቀት ግማሽ ቀን ይበላል።

ወደ አየሩ እንምጣ። የአይስላንድ ስም ሰውን ያስፈራል፤ ሬይኪያቪክ ግን በጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ከእሷ በብዙ ወደ ደቡብ የሚገኙ የካናዳ ከተሞች ከዚያ እጅግ ይቀዘቅዛሉ። ምክንያቱ ከደቡብ ሞቅ ያለ ውኃ ይዞ የሚመጣው የአትላንቲክ የባሕር ሞገድ ነው። በጁላይ ደግሞ አማካዩ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። ክረምቱ እንደተፈራው አይከፋም፣ በጋው ግን እንደተጠበቀው አይሞቅም ማለት ነው።

አይስላንድ ውስጥ የሚያስቸግረው ቅዝቃዜው ሳይሆን ነፋሱ ነው። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመታው። ጃንጥላ ብትይዙ ይገለበጣል። ነፋስ የኪራይ መኪና በር ገንጥሎ ሲወስድ የተለመደ ነገር ነው፣ ብዙ ኢንሹራንስም ይህን ጉዳት አይሸፍንም። ውሉን አንብቡ። በር ስትከፍቱም በእጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ውኃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ከወፍራም ካፖርት የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ብርሃኑን ደግሞ በደንብ አስቡበት። በሬይኪያቪክ ዲሴምበር ማብቂያ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ረፋድ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። አራት ሰዓት ብቻ። በጁን ማብቂያ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ጠልቃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ተመልሳ ትወጣለች፤ በመካከሉም ሰማዩ ፈጽሞ አይጨልምም። ጨለማ ሰማይ ላይ በቀለም የሚውለበለቡትን የሰሜን ብርሃናት ለማየት የሚሄድ ሰው ጁላይ ላይ ቢሄድ ምንም አያይም። ለእሱ የሚሆኑት ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ያሉት ወራት ናቸው። የመሐል አገሩን ተራሮች ማየት የሚፈልግ ደግሞ በተቃራኒው በጋውን መጠበቅ አለበት። ወደዚያ የሚወስዱት የአፈር መንገዶች አብዛኛውን ዓመት ዝግ ናቸው። የሚከፈቱት ከጁን መገባደጃ ጀምሮ ነው፣ እነሱንም ፎር ዊል ካልሆነ አይሞክሯቸውም። ሁለቱን ነገር በአንድ ጉዞ ለማግኘት የተሻለ ዕድል ያለው በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ ወቅቱ ይገለበጣል። በጋው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ክረምቱ ከጁን እስከ ኦገስት ነው። ኦክላንድ በጃንዋሪ አማካይ 20 ዲግሪ፣ በጁላይ 11 ገደማ ናት። የክረምቷ ሙቀት ከሬይኪያቪክ የበጋ ሙቀት ብዙም አይለይም። የቀኑ ርዝመትም እንደ አይስላንድ አያዛባችሁም፤ ኦክላንድ በበጋ ከ14 ሰዓት በላይ፣ በክረምት ከ9 ሰዓት በላይ ብርሃን አላት።

እዚህ አገር ዋናው ጥያቄ ከተራራው በየትኛው በኩል ናችሁ የሚለው ነው። በደቡብ ደሴት ርዝመት የተዘረጋው የደቡብ አልፕስ ሰንሰለት ከምዕራብ የሚመጣውን እርጥብ አየር ይገታዋል። አየሩ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። በምዕራብ በኩል ሚልፎርድ ሳውንድ የተባለችው የባሕር ወሽመጥ በዓመት ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በምሥራቅ በኩል ያለችው የአሌክሳንድራ ከተማ 400 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። በመካከላቸው በቀጥታ መስመር ከ150 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ «የኒውዚላንድ አየር እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ የምታድሩባትን ከተማ ስም ይዛችሁ ጠይቁ። ለሚልፎርድም አንድ ቀን ብቻ አትመድቡ። ዝናብ ሲጥል ፏፏቴዎቹ ይበዛሉ፣ ግን ተራሮቹ በጉም ይሸፈናሉ።

ሌላው ፀሐይዋ ናት። ኒውዚላንድ በዓለም ላይ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። የደቡብ በጋ ምድር ለፀሐይ ከምትቀርብበት ወር ጋር ይገጥማል፣ አየሩም ንጹሕ ስለሆነ ጨረሩን የሚጋርድ ነገር ትንሽ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ቀን ጭምር ባርኔጣና ሰንስክሪን ያስፈልጋል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አደራ።

የሕዝቡ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። አይስላንድ ከ400,000 ያነሰ ሕዝብ ነው ያላት፤ በካሬ ኪሎ ሜትር አራት ሰው አይሞላም። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የሚኖሩት በሬይኪያቪክና ዙሪያዋ ነው። ይህን የሰማ ሰው ጭር ያለ አገር ይጠብቃል። ነገር ግን በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚ ይመጣል፣ አብዛኛውም የሚጎርፈው ወደ እነዚያው ጥቂት ቦታዎች ነው። ጉልፎስ ፏፏቴ፣ ጌይሲር የሚባለው የሚፈናጠር ፍልውኃና ቲንግቬትሊር ብሔራዊ ፓርክ በጁላይ እኩለ ቀን ላይ በአውቶቡስ ይሞላሉ። እውነተኛ ጸጥታ ከፈለጋችሁ ወደ ምዕራብ ፊዮርዶች ሂዱ፤ በዚያ ሰፊ ክልል የሚኖረው ሰው 7,000 ገደማ ነው። ወይም ታዋቂዎቹን ቦታዎች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እዩዋቸው፣ በጋ ከሆነ ብርሃን አይጎድልባችሁም።

ኒውዚላንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። አንድ ሦስተኛው ኦክላንድ ውስጥ ነው፣ ከአራቱ ሦስት እጅ የሚሆነውም በሰሜን ደሴት ይኖራል። ደቡብ ደሴት በስፋት ትልቅ ሆና ሳለ ሕዝቧ ከሩብ በታች ነው። ከነዋሪው ከአራት አንድ በላይ በውጭ አገር የተወለደ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪ 18 በመቶ ገደማ ናቸው። ከመልክዓ ምድሩ ሌላ የሕዝብ ባህል፣ የገጠር ኑሮና የከተማ ሕይወት አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ኒውዚላንድ የበለጠ ታጠግባለች ብዬ አምናለሁ።

ምድሯ ጸጥ ያለ አገር ከሁለቱ የለም። በአይስላንድ የግሪንዳቪክ ከተማ ነዋሪዎች በኖቬምበር 2023 ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በአቅራቢያው እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ፈንድቷል። በኒውዚላንድ የክራይስትቸርች የመሬት መንቀጥቀጥ በፌብሩዋሪ 2011 የ185 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ይህ ከጉዞ የሚያስቀር አይደለም፣ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የየአገሩን ማስጠንቀቂያ ተመልከቱ።

እንግዲህ ፈቃዳችሁ ከጁን እስከ ኦገስት ከሆነና አስር ቀን ካላችሁ፣ ያለ ጥርጥር አይስላንድ። የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል በሆነው ሸንገን ውስጥ ስለሆነች ከሌላ የአውሮፓ ጉዞ ጋርም ትያያዛለች። ከዲሴምበር እስከ ማርች ሦስት ሳምንት ማግኘት የሚችል ሰው ኒውዚላንድን ይምረጥ፤ መኪና ግን በግራ በኩል እንደሚነዳ አይርሳ። ሁለት ሳምንት ብቻ ካለው ደግሞ ሁለቱንም ደሴት ለማዳረስ ከመሯሯጥ አንዱን ይያዝ። እኔ ብሆን ደቡቡን፣ ያውም በፌብሩዋሪ እመርጣለሁ።