ቪቪቲ (የቫልቮችን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚቀያይር ሥርዓት) ላለው ፒክአፕ የገዛሁት ካምሻፍት፦ ካሙ ግሩም ነው፣ ሻጩ ግን ያጎደለው ነገር አለ

355 የፈረስ ጉልበት ለብዙ ሰው ይበቃል። እኔ ግን የ2015 ሞዴል ሼቭሮሌ ሲልቨራዶዬን ዳላስ አካባቢ ዕቃ የተጫነ ተጎታች ስለማስጎትተው፣ ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት ፈልጌ የ5.3 ሊትሩን ሞተር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) ለመቀየር ወሰንኩ። ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ የገዛሁትን፣ «የፒክአፕ ካም» የሚባለውን አነስተኛ ካም ከቫልቭ ሞላዎቹ ጋር ካስገጠምኩ ሰባት ወር ሆኖኛል።

በዚህ ሞተር ላይ ካሙ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚቀመጠውም ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይ ክፍል) ላይ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ነው። ከፊቱ ያለው ፌዘር የሚባለው ክፍል በዘይት ግፊት ካሙን ከካቴናው አንጻር ስለሚያዞረው የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ ጊዜ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ እንደ ፎርድ 5.0 ሊትር ሞተር ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል አይቻልም። ዙሩ ዝቅ ሲል ካሙ ቀደም ብሎ ስለሚሠራ የማስገቢያው ቫልቭ ቶሎ ይዘጋና ሞተሩ ከታች ጉልበት ያገኛል። ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩ ካሙን ያዘገየዋል።

ካም ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የካሙ መለኪያዎች የተጻፉበት ካርድ ላይ ትልቁን ቁጥር ሲያሳድድ ነው። ቫልቩ ከፍ ብሎና ረዘም ላለ ጊዜ ሲከፈት ከፒስተኑ ጋር ይቀራረባል፤ በዚያ ላይ ካሙ ሲዘገይ የማስወጫው ቫልቭ ፒስተኑ ጫፍ ላይ በደረሰ ጊዜ ገና ሳይዘጋ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ካሙ ባልዘገየበት ቦታ ላይ የሚበቃው ክፍተት ፌዘሩ እስከ መጨረሻው ሲያዘገየው ላይበቃ ይችላል። እንደ ኮምፕ ካምስ ያሉ አምራቾች የፌዘሩን እንቅስቃሴ የሚያሳጥር ማገጃ የሚሸጡት ለዚህ ነው። ፌዘሩን ጨርሰው የሚቆልፉ ባለሙያዎችም አሉ፤ ለውድድር መኪና ያስኬድ ይሆናል፣ ተጎታች ለሚስብ ፒክአፕ ግን ከታች ያለውን ጉልበት በገዛ እጅ መጣል ነው።

ሻጩ በስልክ ሊያስገዛኝ የፈለገው፣ ፑንተሪያው (በካሙ እየተገፋ ቫልቩን የሚያስከፍተው ክፍል) 0.050 ኢንች ከተነሳበት ሲለካ የመክፈቻ ቆይታው ከ220 ዲግሪ የሚያልፈውን ነበር፤ ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይላል አለኝ። ድምፁስ በእርግጥ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ያንን ካም ከነጭነቱ ለማስነሳት የካምቢዮውን ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) ጭምር መቀየር ሊያስፈልገኝ ስለነበር 210 ዲግሪ አካባቢ ያለውን መረጥኩ።

ሳጥኑ ሲከፈት ካሙ ዘይት ተቀብቶ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ፊቱ ላይ ሦስት የብሎን ቀዳዳ ሳይሆን መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ የዚህ ሞተር የቪቪቲ ካም እንዲህ ነው። ከጀርባው ደግሞ የነዳጁን ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ የሚገፋ ባለ ሦስት ጉብታ ክፍል አለ። ለቀድሞው ትውልድ 5.3 የተሠራ ካም ይህ ጉብታ ስለሌለው ከ2014 ጀምሮ ለወጣው ሞተር አይሆንም፤ ርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ያስተውል። የአሠራሩ ጥራት የሚያስወቅስ አይደለም።

የፌዘሩ ማገጃ ግን ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ማስታወቂያው «ሙሉ» ይላል፤ ስደውል ለብቻው የሚሸጥ ነው ተባልኩ። ፑንተሪያዎቹን ለመቀየር ቴስታታዎቹ ወርደው ስለነበር መካኒኬ ፒስተኑ ላይ የልጆች መጫወቻ የመሰለ ለስላሳ ሊጥ ለጥፎ፣ ቴስታታውን መልሶ ገጥሞ ሞተሩን በእጁ አዞረና፣ እንደገና አውርዶ የተጨፈለቀውን ሊጥ በምላጭ ቆርጦ ለካው። ፌዘሩ እስከ መጨረሻው ሲዘገይ በማስወጫው በኩል በሙያው እንደ ዝቅተኛ ከሚቆጠረው 0.100 ኢንች በታች ሆነ። «ማገጃው ሳይመጣ ይህን ሞተር አልዘጋልህም» አለኝ፤ መኪናው ተፈታቶ አሥር ቀን ጋራዥ ቆመ።

1፣ 4፣ 6 እና 7 ቁጥር ሲሊንደሮችን እየዘጋ ነዳጅ የሚቆጥበው ሥርዓትም ልዩ ፑንተሪያዎቹ ከዚህ ካም ጋር ስለማይሄዱ መነሳት ነበረበት፤ በነዳጅ ፍጆታ በኩል የከፈልኩት ዋጋ እሱ ነው። ኮምፒውተሩም እንደገና ፕሮግራም መደረግ አለበት፤ አለዚያ ማገጃው የማይፈቅደውን ዲግሪ እያዘዘ የሞተር መብራት ያበራል፤ የእኔም በርቶ በሁለተኛው ፕሮግራም ጠፍቷል። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ደግሞ የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር የሌለውን ካም ለመንገድ መኪና ባትገዙ ይሻላል።

ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ስላላስለካሁት ስንት የፈረስ ጉልበት እንደጨመረ በቁጥር አልናገርም። ተጎታቹ ታስሮ አውራ ጎዳና ስገባ ግን ማርሹ እንደ ቀድሞው ሁለት ጊዜ አይወርድም፤ ሚኒሞውም ለስለስ ያለ ስለሆነ ባለቤቴ ሞተሩ መነካቱን ያወቀችው ደረሰኙን ስታይ ነው። ለካሙ ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ሻጩ ከሁለት በላይ አያገኝም፤ ከእሱ የምትገዙ ከሆነ ማገጃው መካተቱን በጽሑፍ ሳያረጋግጥላችሁ አትክፈሉ።