በልብ ቀዶ ሕክምና ወቅትና ከዚያ በኋላ የደም መርጋት መመርመሪያ መሣሪያዎች፦ ኤሲቲ፣ ቲኢጂ እና ሮቴም በንጽጽር

ለልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል የደም መርጋት መመርመሪያ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው፣ ሻጮች ጎን ለጎን የሚያቀርቧቸው መሣሪያዎች ለአንድ ጥያቄ የተሠሩ አለመሆናቸውን ነው። ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካው ኤሲቲ፣ የተሰጠው ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) በቂ መሆኑን ይናገራል፤ የረጋውን ደም ጥንካሬ የሚከታተሉት ቲኢጂና ሮቴም ደግሞ ሕመምተኛው የሚደማው ምን ጎድሎት እንደሆነ ይጠቁማሉ። ስለዚህ ኤሲቲ የሌለው ክፍል ሌላውን አቆይቶ መጀመሪያ እርሱን ይግዛ፤ የመርጋት መጠኑ ሳይለካ ሕመምተኛን ወደ ልብና ሳንባ ማሽን (በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሁለቱን ሥራ ተክቶ ወደሚሠራው) ማስገባት አደገኛ ነውና።

በ1966 የተዋወቀው ኤሲቲ፣ ጥቂት ደም መርጋትን ከሚያነሳሱት ከካኦሊን ወይም ከሴላይት ዱቄት ጋር ሲደባለቅ በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ የሚቆጥር ቀላል ምርመራ ነው። ሄፓሪን ያልወሰደ ሰው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ማሽኑ ለመግባት ብዙ ክፍሎች ቢያንስ ከ400 እስከ 480 ሰከንድ እንዲደርስ ይጠብቃሉ። ሆኖም ደሙ በፈሳሽ ሲቀጥንና ሰውነት ሲቀዘቅዝ፣ ሄፓሪኑ ሳይጨመር ቁጥሩ ብቻውን ከፍ ይላል። መድማትን የሚቀንሰውን አፕሮቲኒን የተባለ መድኃኒት የሚሰጥ ክፍል በሴላይት የሚሠራውን ባይመርጥ ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ ውጤቱን ያለአግባብ ያስረዝመዋል። ይህ የኤሲቲ መዛባት የሚያሳስበው ገዢ እንደ ሄፕኮን ያለውን፣ በደም ውስጥ ያለውን የሄፓሪን መጠን በፕሮታሚን (ሄፓሪንን በሚያከሽፍ መድኃኒት) አማካይነት የሚለካና የሚያስፈልገውን ፕሮታሚን የሚያሰላ መሣሪያ ይመልከት። ያም ሆነ ይህ፣ ከፕሮታሚን በኋላ ኤሲቲ ወደ ቀድሞው መመለሱ ደሙ በሚገባ ይረጋል ማለት አይደለም፤ ደም የሚያረጋው ፕሮቲን ፋይብሪኖጅን ወይም ለመርጋት የሚረዱት የደም ሕዋሳት ፕሌትሌት በእጅጉ ቀንሶም ቁጥሩ መልካም ሊሆን ይችላል።

ቲኢጂና ሮቴም የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጀርመናዊው ሐኪም ሃርተርት በ1948 ካስተዋወቀው ዘዴ የመነጩ ሲሆኑ፣ የረጋው ደም ምን ያህል እንደሚጠነክርና መቼ እንደሚሟሟ ይከታተላሉ። በቀድሞው ቲኢጂ 5000 የሚወዛወዘው ደሙን የያዘው ኩባያ ሲሆን፣ በሮቴም ዴልታ ግን መሃል ላይ ያለው ዘንግ ነው፤ በዚህም የተነሳ ቲኢጂ 5000 በጠረጴዛ መነቃነቅ ይበልጥ ይረበሻል። ሁለቱም ደሙንና ኬሚካሎቹን በእጅ መለካት ይጠይቃሉ፤ ይህን የሚሠራ የሠለጠነ ሰው ሌሊት ከሌለ በካርትሪጅ (ኬሚካሎቹ አስቀድመው በገቡበት ማስገቢያ) የሚሠሩትን ቲኢጂ 6ኤስን ወይም ሮቴም ሲግማን መምረጥ ይገባል። ከእነዚህ መካከል የእኔ ሚዛን ወደ ሲግማ ያዘነብላል፤ የደም ቱቦው እንዳለ ስለሚገባበት የመሳሳት ዕድሉ ያንሳል። በተጨማሪም ኤክስቴምና ፊብቴም የተባሉት ምርመራዎቹ ሄፓሪንን ስለሚያከሽፉ፣ ሕመምተኛው ገና ማሽን ላይ እያለ ፋይብሪኖጅኑ በአሥር ደቂቃ የመርጋት ጥንካሬ ሊገመት ይችላል። ቲኢጂ 6ኤስን የሚመርጥ ካርትሪጁ በየትኞቹ የምርመራ መስመሮች ላይ ሄፓሪንን እንደሚያከሽፍ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለም።

ሻጮች ብዙም የማያነሱት አንድ ነገር አለ፦ መደበኛው የቲኢጂና የሮቴም ምርመራ ፕሌትሌትን የሚያዳክሙትን የአስፕሪንንና የክሎፒዶግሬልን ውጤት አያሳይም። እነዚህን መድኃኒቶች እየወሰዱ ለቀዶ ሕክምና የሚገቡ ሕመምተኞች ከበዙ፣ የቲኢጂ የፕሌትሌት ካርትሪጅ ወይም የፕሌትሌትን ሥራ የሚለካው መልቲፕሌት የተባለው መሣሪያ ተጨማሪ ወጪ ሆኖ ሊታቀድ ይገባል። መሣሪያዎቹ ደሙን ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያሞቁትም፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀዝቅዞ የሚደማ ሕመምተኛ የተስተካከለ ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

በካናዳ ኦንታሪዮ በ12 ሆስፒታሎች 7,402 ሕመምተኞችን ያካተተውና በ2016 የታተመው ጥናት፣ ደም የመውሰድ አስፈላጊነትና ከባድ መድማት እንደቀነሱ አሳይቷል፤ ነገር ግን እዚያ ሥራ ላይ የዋለው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ከውጤቱ ጋር የተያያዘ የሕክምና መመሪያም ነበር። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ውስጥ ክራዮፕሪሲፒቴት (ከደም የሚዘጋጅ፣ ፋይብሪኖጅን የበዛበት ተዋጽኦ) ወይም የፋይብሪኖጅን መድኃኒት፣ እንዲሁም ፕሌትሌት ከሌለ፣ ገንዘቡ ከመሣሪያው በፊት እነርሱን ለማስገኘት ይዋል።