የአንሪል ብሉፕሪንት ሽቦ ማስተካከያዎች፦ የትኛው ይሠራል፣ ምን ይጎድላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ጌም መሥራት የሚለማመድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለው አነስተኛ ላፕቶፕ ነው። ብሉፕሪንት ደግሞ፣ ማለትም በአንሪል ኢንጂን ኮድ ሳይጻፍ ኖድ የሚባሉ ሣጥኖችን በሽቦ (በመስመር) እያገናኙ ጌም የሚሠራበት ዘዴ፣ ሰፊ ስክሪን ይፈልጋል። ኖዱ በዛ ማለት ሽቦው ተተበተበ፣ ስህተቱም ከየት እንደመጣ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ኤዲተሩ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን እኩል አይደሉም።

ለዕለት ሥራ አንደኛው የኪው ቁልፍ ነው። ኖዶቹን መርጦ ሲጫኑት የተገናኙትን ፒኖች (ሽቦ የሚሰካባቸውን ነጥቦች) አስተካክሎ ሽቦውን ያቃናል። ነጩ የአፈጻጸም ሽቦ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ካለ ቅደም ተከተሉ ያለ ድካም ይነበባል። ሽቦዎችን ከአንድ ፒን ወደ ሌላ ለማዛወር ደግሞ ኮንትሮል ይዞ መጎተት ይበቃል፤ አንድ በአንድ መንቀል አያስፈልግም።

ሪራውት ኖድ (ሽቦ የሚታጠፍበት ትንሽ ነጥብ) ሽቦው ላይ ሁለቴ ክሊክ ሲደረግ ይወጣል። ሽቦ ከኖድ ኋላ እንዳይደበቅ ለማጠፍ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን ያስቸግራል። ኖዱ ሲንቀሳቀስ ነጥቡ ባለበት ይቀርና ሽቦው ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። በሲ ቁልፍ የሚወጣው፣ ኖዶችን ከብቦ ማስታወሻ የሚጻፍበት የኮመንት ሣጥንም ሲጎተት ይዞ የሚሄደው ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባውን ብቻ ስለሆነ፣ ጠርዝ ላይ ያለ ሪራውት ይቀራል። ሣጥኑን ከመጀመሪያው ሰፋ ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዓይን የማያየው ስህተት ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያወጣ ጌም እንውሰድ። «ራንደም ኢንቲጀር ኢን ሬንጅ» ከ3 እስከ 9 ካሉት አንዱን ቁጥር በዘፈቀደ ይሰጣል፤ ሽቦው በሪራውት ተከፍሎ አንዱ ወደ ፎር ሉፕ (ሥራን በቁጥሩ ልክ የሚደጋግም ኖድ)፣ ሌላው ወደ ፕሪንት ስትሪንግ (ስክሪን ላይ የሚጽፍ ኖድ) ይሄዳል። ስክሪኑ 7 ሲል ሜዳው ላይ 4 ጭላዳ ሊወጣ ይችላል። የአፈጻጸም ፒን የሌለው እንዲህ ያለ ኖድ ዋጋውን አይዝም፤ በተጠየቀ ቁጥር እንደገና ያሰላል። ፎር ሉፕ ራሱ ማክሮ (ውስጡ በሌሎች ኖዶች የተሠራ) ስለሆነ በየዙሩ ይጠይቀዋል። ሪራውት ሽቦውን ያሳምራል እንጂ ቁጥሩን አያስቀምጥም። መፍትሔው ፒኑ ላይ በቀኝ ክሊክ «ፕሮሞት ቱ ቫሪያብል» ብሎ ቁጥሩን ከሉፑ በፊት በሴት (Set) ኖድ ቫሪያብል ውስጥ፣ ማለትም ዋጋ በሚቀመጥበት ባለ ስም ቦታ፣ መያዝ፣ ከዚያ በተፈለገበት ቦታ አጠገብ ዋጋውን የሚያነብ ጌት (Get) ኖድ ማውጣት ነው። ረጅሙ ሽቦም በዚያው ይቀራል።

ብዙ ኖድ ለመሰብሰብ ኖዶቹን ፋንክሽን (በስም የሚጠራ የኖዶች ስብስብ) የሚያደርገውን «ኮላፕስ ቱ ፋንክሽን»ን እንመርጣለን፤ ከሌላ ቦታም ይጠራልና። ውስጡ ዲሌይ (ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆይ ኖድ) ካለ ግን አይሆንም፣ ፋንክሽን መሃል ላይ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ያኔ ኖዶቹን ወደ አንድ ኖድ ብቻ የሚሰበስበው «ኮላፕስ ኖድስ» ይሠራል።

ኤሌክትሮኒክ ኖድስ የሚባለው ፕለጊን (ኤዲተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ሽቦውን በ90 ወይም በ45 ዲግሪ ያጥፋል። ለጠባብ ስክሪን በእርግጥ ይቀላል። ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ ከኢንጂኑ ቨርዥን ጋር መግጠም አለበት፣ የሚቀይረውም መልኩን ብቻ ነው፤ ፕለጊኑ የሌለው ጓደኛ ፋይሉን ሲከፍት ያንኑ ጥምዝምዝ ሽቦ ያያል። ለጀማሪ አንመክረውም።

የሚጎድለው ስም የሚሰጠው ሪራውት ነው። የዕቃዎች ገጽታ በሚሠራበት ማቴሪያል ኤዲተር ውስጥ አንድ ቦታ ስም ሰጥቶ፣ ሌላ ቦታ ያለ ሽቦ በስሙ መጥራት ይቻላል። የአንሪል ሠሪ ኤፒክ ይህንኑ ለብሉፕሪንት ቢያመጣ፣ ሽቦ ለማሳጠር ብቻ ተብሎ የሚፈጠረው ቫሪያብል ብዛቱ ይቀንስ ነበር።