ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ 2010፦ ከበግ ጥብስ ጋር

ብሩኔሎ የተባለው ቀይ ወይን በጣሊያን ቶስካና፣ ሞንታልቺኖ ከተማ ዙሪያ ከሚበቅል የሳንጆቬዜ ወይን ብቻ ይጠመቃል፤ ቢያንስ 2 ዓመት በእንጨት በርሜል ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተለቀመው አሁን ጠርዙ ላይ ወደ ጡብ ቀለም አድልቷል። የደረቀ ቼሪ፣ የቆዳና የትንባሆ ሽታ አለው። ምላስ የሚያደርቀው ታኒን ለስልሷል፣ ጎምዛዛነቱ ግን አልደከመም። ድንቅ ወይን ነው!

ጠርሙሱን ከእራቱ 24 ሰዓት ቀድማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ አተላው ይዝቀጥ። ያረጀ ቡሽ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ መክፈቻውን መሃል ለመሃል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከአንገቱ ሥር መብራት ይዛችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ አተላው ትከሻው ላይ ሲደርስ አቁሙ። ለሰዓታት ማናፈስ አያስፈልግም፣ ያረጀ መዓዛ ቶሎ ይበናል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከሞቀ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ግን ቡሹ አበላሽቶታል፣ አይድንም።

በጥብስ ቅጠል፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የተጠበሰ የበግ እግር ዋነኛ ጓደኛው ነው፤ ሥጋው ታኒኑን ያለዝበዋል። ሎሚና ኮምጣጤ የበዛበት ሰላጣ ግን ወይኑን ያደበዝዘዋል፤ ከወይኑ በፊት ይበላ።