ለጓሮ የማዕድን ሞዴል ባቡር ምን ይሻላል? 1፡29 ወይስ 1፡32፣ የሃዲድ ከረንት ወይስ ባትሪ

እኔ ሚኒሶታ ስለምኖር የማዕድን ባቡር ስል ሚሳቤ የሚባለውን የድሮ የባቡር ድርጅት ባቡር ነው፣ አይረን ሬንጅ ከሚባለው የማዕድን አካባቢያችን የብረት ማዕድን ጭኖ ሱፔሪየር ሐይቅ ዳር ዱሉዝና ቱ ሃርበርስ ወደቦች ድረስ ይወርድ የነበረውን። ጓሮዬ ላይ እሱን በትንንሽ ሞዴል ለማስመሰል ብዙ ለፍቻለሁ፣ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ፉርጎው። እውነተኛው አጭር ነው፣ 24 ጫማ። ማዕድን ከባድ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ ደግሞ ወደቡ ላይ ማዕድኑ የሚራገፍባቸው ጉድጓዶች በየ12 ጫማው ስለሆኑ አንዱ ፉርጎ ለሁለቱ ልክ ነው። በ1፡29 ሲሰራ፣ ማለትም ከእውነተኛው 29 ጊዜ ሲያንስ፣ 25 ሴንቲ ይሆናል፣ በ1፡32 ደግሞ 23 ገደማ። ሁለቱም የሚሄዱት በ45 ሚሊሜትር ሃዲድ ላይ ነው፣ በሂሳብ ከሄድን ልኩ 1፡32 ነው ምክንያቱም 45ን በ32 ስታባዙት 1.44 ሜትር ይመጣል፣ የእውነተኛው ሃዲድ ስፋት ማለት ነው፣ 1፡29 ላይ ግን ሃዲዱ ለባቡሩ ትንሽ ይጠበዋል። እኔ ግን 1፡29 ነው የያዝኩት፣ ዩኤስኤ ትሬንስ የሚባለው የሞዴል ባቡር አምራች 24 ጫማውን ፉርጎ በዚህ መጠን ስለሚሰራው እና ከሩቅ ስታዩት ልዩነቱ ስለማይታወቅ። ብቻ ሁለቱን አንድ ባቡር ላይ አትቀላቅሉ፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያስታውቃሉ።

እና እባካችሁ ትልቅ ሎኮሞቲቭ ገዝታችሁ 6 ፉርጎ አትጎትቱ። እውነተኛው ከ100 በላይ ይጎትታል፣ ውበቱ ርዝመቱ ነው። 20 ፉርጎ 5 ሜትር ነው፣ ያኔ ባቡር ባቡር ይሸታል። ጎማውንም የብረት አድርጉት፣ ፕላስቲኩ ቆሻሻ ይይዛል፣ የብረቱ ግን ክብደቱ ታች ስለሚሆን ፉርጎው ኩርባ ላይ ረጋ ይላል።

ከረንት ወይስ ባትሪ? ማለትም ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪኩን ከሃዲዱ ይውሰድ ወይስ ከተሸከመው ባትሪ? ብዙ ሎኮሞቲቭ ካላችሁ የሃዲድ ከረንት ይረክሳል፣ ለእያንዳንዱ ባትሪና ሪሞት መግዛት የለባችሁም። ግን የናስ ሃዲድ ውጪ ሲያድር ይጠቁራል። እኔ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ ሃዲድ ስፈትግ እውል ነበር፣ ጨርሼ ባቡሩን ስለቀው ሁለት ዙር ሄዶ ቀጥ ይላል፣ ልጆቹም ሰልችቷቸው ይገባሉ። ባትሪ ካደረግኩ ወዲህ ቅጠሉን ጠርጌ ወዲያው ነው የምነዳው። ሌላው ጥቅሙ፣ ሃዲዱ ከረንት ካልያዘ ዋጋው ቀለል ያለውን አሉሚኒየም መግዛት ትችላላችሁ። ሰው የሚረግጥበት ቦታ ከሆነ ግን አሉሚኒየም ይጎብጣል፣ እዛ ናሱን ተዉት። ባትሪው ሎኮሞቲቩ ውስጥ ካልገባ የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ ጭነቱ ስር ደብቁት፣ ውሃ እንዳይገባው በደንብ አሽጉት ብቻ።

ጭነቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታኮናይት የሚባለው ድብልብሉ ማዕድን መንገድ ማቋረጫ ዳር ወድቆ አግኝቼ ሁለት ሦስት ፍሬ በእጄ ይዤ አይቻለሁ፣ ሽንብራ ያክላል፣ 1 ሴንቲ ገደማ። እሱኑ ፉርጎ ላይ ብትጭኑት በ1፡29 የ29 ሴንቲ ድንጋይ መሆኑ ነው። ደቃቅ ጥቁር አሸዋ ይሻላል። ግን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አንዱ ፉርጎ ኪሎ ገደማ ስለሚይዝ 20ው ተደምሮ ዳገት ላይ ሎኮሞቲቩን ያቃጥለዋል። ፎም ቆርጣችሁ ክቱበት፣ ላዩን ሙጫ ቀብታችሁ አሸዋውን ነስንሱበት፣ ታች ለዝናብ ቀዳዳ ተዉለት። ክብደታቸውም እኩል ይሁን፣ ፊት ያሉት ቀለል ካሉ ኩርባ ላይ ከኋላ ያለው ክብደት ወደ ውስጥ ስቦ ይጥላቸዋል።

ቀለሙ በዘመኑ ነው። የድሮው ጥሬ ማዕድን ቀይ ነው፣ ታኮናይቱ ወደ ጥቁር ግራጫ ይሄዳል፣ ክብደቱ ከጥሬው ስለሚያንስ ብዙ እንዲይዝ ብለው የፉርጎውን ጎን በብረት ከፍ አድርገውታል። ስለዚህ ጎኑ ከፍ ያለውን ከገዛችሁ ግራጫ ጫኑበት፣ ቀዩን ለዝቅተኛው።